ለኪራይ ቤት መሥራት ያዋጣል ወይ? ግብሩና ስጋቱ አብረው ሲሰሉ (ከደብረ ብርሃን)

የጠባሴው መምህር — ግንቦት 2017 ዓ.ም.

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሒሳብ ካስተማርሁ በኋላ ባለፈው ዓመት ጡረታ ወጥቻለሁ። ደብረ ብርሃን ጠባሴ ካለው መኖሪያ ቤቴ ጀርባ ባዶ ቦታ አለኝ። ከባለቤቴ ጋር በዕቁብና በቁጠባ ያጠራቀምነውን 900,000 ብር አውጥተን አራት ሰርቪስ ክፍሎች በብሎኬት ለመሥራትና ለማከራየት አስበናል። ደላሎች አንዱን ክፍል በወር 2,500 ብር እንደሚያከራዩልኝ ይናገራሉ፤ ይህም በዓመት 120,000 ብር ይሆናል። ካወጣሁት ገንዘብ ጋር ሳነጻጽረው ከመቶ 13 ብር ከሠላሳ ሳንቲም ያህል ነው፤ ባንክ በቁጠባ ሒሳብ ከሚከፍለው ዝቅተኛ የ7 በመቶ ወለድ እጥፍ ሊደርስ ትንሽ የቀረው መሆኑ ነው።

ነገር ግን ዕድሜዬን ሙሉ ተማሪዎቼን «ጥያቄውን እስከ መጨረሻው አንብቡት» እያልሁ ስለኖርሁ የራሴንም ጥያቄ በግማሹ ላቆመው አልወደድሁም። ግብሩ ምን ያህል ይወስዳል? ክፍሎቹ ባዶ በሚቀሩባቸው ወራትስ ግብር ይጠየቃል? በሕጉ መሠረት አስመዝግቤና ውል ጽፌ ባከራይ፣ ሳያስመዘግቡ ከሚያከራዩት ጎረቤቶቼ ይልቅ የምጎዳው እኔ እሆን? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ እንቅልፍ ይነሣኛል፤ ልጆቼን ያሳደግሁት ደመወዜ ከእጄ ሳይደርስ ግብሩ እየተቆረጠ ነው፤ አሁን በስተርጅና የመንግሥትን ድርሻ የሚሸሽግ ሰው መሆን አልፈልግም።

ሠንጠረዥ ለ (በግብር ሥራ 20 ዓመት ያገለገልሁ)

መምህር፣ ጥያቄዎን በዚህ ቅደም ተከተል ማንሣትዎ ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው ወደ ጽሕፈት ቤቱ የሚመጣው ቤቱን ሠርቶና አከራይቶ፣ ቅጣት ከተጻፈበት በኋላ ነውና።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት በክልል ውስጥ ከሚገኙ የግል ቤቶች በሚገኝ ገቢ ላይ ግብር የሚጥለውና የሚሰበስበው ክልሉ ነው። ስለዚህ ጉዳይዎ የሚታየው በከተማዎ የገቢዎች ጽሕፈት ቤት ነው። አሠራሩ ግን በፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ካለው የኪራይ ገቢ ግብር ሠንጠረዥ «ለ» ጋር የሚመሳሰል ስለሆነ በእርሱ ላስረዳዎ። ከዓመት ገቢው 7,200 ብር ድረስ ያለው ከግብር ነጻ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው በደረጃ 10፣ 15፣ 20፣ 25፣ 30 እያለ ከ130,800 ብር በላይ ለሆነው 35 በመቶ ይደርሳል። ሰዎች የሚሳሳቱት ከፍተኛው መቶኛ በጠቅላላው ገቢ ላይ የሚያርፍ እየመሰላቸው ነው፤ እያንዳንዱ መቶኛ የሚያርፈው በራሱ ደረጃ ውስጥ በሚወድቀው ገንዘብ ላይ ብቻ ነው።

የሒሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ የሌለበት አከራይ ለቦታውና ለቤቱ የከፈለው ግብር ይቀነስለታል፤ ለጥገና፣ ለእድሳትና ለእርጅና ደግሞ ያለ ደረሰኝ ከጠቅላላ ኪራዩ 50 በመቶ ይቀነስለታል። የቦታ ኪራዩንና የመሳሰለውን ለጊዜው ብንተወው፣ ከ120,000 ብር ግማሹ ሲነሣ ግብር የሚከፈልበት 60,000 ብር ይቀራል። በዚያ ላይ ደረጃ በደረጃ ሲሰላ 8,370 ብር ይመጣል፤ ከጠቅላላ ኪራዩ ሲታይ ከመቶ ሰባት ብር ያህል ነው። ብዙ ሰው «መንግሥት ሲሶውን ይወስዳል» ብሎ ስለሚያስወራ በዚህ ላይ ጥቂት ማተኮሬ ነው።

ሁለት ግዴታዎችን ደግሞ አይርሱ። ለኪራይ የተሠራ ቤት ግንባታው ሲያልቅ፣ ወይም ሳያልቅ ከተከራየ፣ ባለቤቱና ግንባታውን የሠራው ሰው ለቀበሌው ማሳወቅ አለባቸው። ክፍሎቹን በጅምላ ለአንድ ሰው ሰጥተው እርሱ ደግሞ አልጋ በአልጋ መልሶ ቢያከራያቸው፣ ይህንን እስከፈቀዱ ድረስ ያ ሰው ሳይከፍል የቀረው ግብር በእርስዎ ላይ ይመጣል። በፋብሪካዎቹ አካባቢ ይህን ዓይነት ስምምነት የሚያቀርቡ ደላሎች አሉና «ጣጣውን ለእኔ ተወው» ሲሉዎት፣ ጣጣው በሕግ ከእርስዎ እንደማይወርድ አስቀድመው ይወቁ።

የሒሳብ ሠራተኛዋ

መምህር፣ ከላይ የተሰጠው ስሌት ትክክል ነው፤ ነገር ግን አራቱም ክፍሎች አሥራ ሁለቱን ወራት ተከራይተው እንደሚውሉ ታሳቢ ያደረገ ነው። በደብረ ብርሃን ያየሁት ተከራይ ወጥቶ ሌላ እስኪገባ አንድ ወር፣ አንዳንዴም ሁለት ወር ያልፋል። በዓመት በአማካይ ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ወር ተኩል ብንቀንስ 15,000 ብር ይጎድላል፤ በእጅዎ የሚገባው 105,000 ብር ይሆናል። ባዶ የቆየበትን ጊዜ በወቅቱ አሳውቀውና ተቀባይነት አግኝተው ከሆነ ግብሩ 6,870 ብር ነው፤ ካላሳወቁ ግን ያልተቀበሉትን ኪራይ ጨምረው 8,370 ይከፍላሉ። ለጥገና ቢያንስ 12,000 ብር ያስቀምጡ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍ ያለች በመሆኗ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ቧንቧ ያፈነዳል፣ ልስን ያረግፋል፤ አራት ቤተሰብ በአንድ መጸዳጃ ቤት ሲጠቀም ደግሞ ጥገናው ከውርጩ የባሰ ነው። ይህ ሁሉ ተቀንሶ የሚቀርልዎ 86,130 ብር ነው፤ ይህም ካወጡት 900,000 ብር 9.6 በመቶ ያህል መሆኑ ነው። ከቁጠባው ይበልጣል፤ ግን እርስዎ እንዳሰቡት እጥፍ ሊሆን የቀረበ አይደለም።

አሁን ለሁሉም አንባቢ አንድ ነገር ላክል፤ በሙያዬ ብዙ ሰው ሲጎዳበት አይቻለሁና። ያ 50 በመቶ ቅናሽ ለጥገናና ለእርጅና እንጂ ለባንክ ወለድ አይደለም። በራሱ ገንዘብ ለሚሠራ ሰው ጥሩ ቅናሽ ነው፤ በብድር ለሚሠራ ሰው ግን ወጥመድ ሊሆን ይችላል። ከ900,000 ብሩ 500,000 ው ብድር ቢሆንና ወለዱ 17 በመቶ ቢሆን በዓመት 85,000 ብር ለወለድ ብቻ ይወጣል። መዝገብ ያልያዘው አከራይ ይህን ሁሉ ከፍሎ ኪሱ ባዶ ሆኖም 8,370 ብር ግብር ይጠየቃል። መዝገብ የያዘ ሰው ግን ወለዱን፣ የመድን ክፍያውን፣ በደረሰኝ የተደገፈ ጥገናውንና የሕንጻውን ዓመታዊ እርጅና 5 በመቶ፣ ማለትም 45,000 ብር መቀነስ ይችላል፤ ወለዱና እርጅናው ብቻ 130,000 ብር ስለሚደርሱ ግብር የሚከፈልበት ገቢ አይኖረውም። ስለዚህ ብድር ያለበት ሰው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የአሸዋውን፣ የሲሚንቶውንና የግንበኛውን ደረሰኝ ይያዝ። ግንባታው ካለቀ በኋላ ደረሰኝ ፍለጋ መሄድ አይቻልም።

አጣዬ ላይ የነበርሁ

ስለ ግብሩ የተጻፈውን በጥሞና አነበብሁ። እኔ የማካፍለው ከግብር በፊት ስለሚመጣው ስጋት ነው።

እስከ 2013 ዓ.ም. አጣዬ ላይ ስድስት የኪራይ ክፍሎችና አንድ ሱቅ ነበረኝ። በዚያ ዓመት መጋቢትና ሚያዝያ ከተማዪቱ ስትቃጠል እነዚያም አብረው ነደዱ። ቤተሰቤ በሕይወት ስለተረፈ ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ። ነገር ግን ለቤቱ የእሳት አደጋ መድን ነበረኝ፤ ውሉን ስገባ ያላነበብሁት አንድ አንቀጽ ጦርነትን፣ የርስ በርስ ግጭትንና ሁከትን ከሽፋኑ ውጭ ያደርጋል። ለዓመታት የከፈልሁት ዓረቦን ለዚያ ቀን አልሆነም። ለሁከትና ለመሰል አደጋ ተጨማሪ ሽፋን በተለየ ክፍያ መግዛት እንደሚቻል የተማርሁት ከአመድ ላይ ቆሜ ነው።

መምህር፣ ደብረ ብርሃን አጣዬ አይደለችም። ሆኖም በኅዳር 2014 ጦርነቱ እስከ ደብረ ሲና በደረሰበት ሰሞን እዚያው ደብረ ብርሃን ላይ ተከራዮች ቁልፍ እየመለሱ ወደ አዲስ አበባ ሲወርዱ፣ ተከራይ ለሸሸባቸው አከራዮች ወሩ እንዴት እንዳለፈ ያስታውሳሉ። የቤት ሀብት ተነቅሎ አይሄድም። ገንዘብዎን ሁሉ በአንድ ግቢ ውስጥ አይቅበሩት፤ የመድን ውሉንም ከመፈረምዎ በፊት «የማይሸፈኑ» የሚለውን ገጽ አስቀድመው ያንብቡት።

ተከራይ ነኝ

በዚህ ክር ውስጥ እስካሁን የተናገሩት አከራዮችና ባለሙያዎች ብቻ ስለሆኑ እኔ ከሌላው ወገን ልጻፍ። ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ በስፌት ሥራ ላይ ነኝ፤ ከሁለት ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖራለን።

የመጀመሪያው ነገር፣ ግብሩን በመጨረሻ የሚከፍለው ማን እንደሆነ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ። አከራያችን ግብር በተጣለባቸው ዓመት ኪራዩን በክፍል 400 ብር ጨመሩ፤ ምክንያቱን ስንጠይቅ «ገቢዎች ጽፎብኛል» አሉን። ግብሩ ተካፍሎ ሲታይ በክፍል በወር 400 ብር አይደርስም ነበር።

ሁለተኛው፣ ሁለት ውል አስፈርመውናል። አንዱ ለግብር የሚቀርብ ዝቅ ያለ ዋጋ ያለው ነው፤ ሌላው እውነተኛው ነው። በዓመቱ አለመግባባት ተፈጥሮ ጉዳዩ ወደ ሽማግሌ ሲሄድ ግን አከራያችን ሴትዮ እውነተኛውን ውል ማውጣት ፈሩ፤ ባወጡት ጊዜ ግብሩ ይከተላቸው ነበርና። ዝቅ ባለው ውል መሠረት ተዳኘን፣ እርሳቸውም የቀረባቸው ኪራይ ቀረ። የሰው ገንዘብ ቢቀርም ደስ አላለኝም፤ ደጅ ለደጅ የምንተያይ ሰዎች ነን።

ሦስተኛው፣ መምህር፣ ክፍሎቹን ለፓርኩ ሠራተኞች ብቻ አስበው ከሆነ ይጠንቀቁ። ኢትዮጵያ ዕቃ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚያስገባው ከአጎዋ ዕድል ከወጣችበት ከታኅሣሥ 2014 ወዲህ የትእዛዝ ብዛት ሲቀንስ ሠራተኛ ተቀንሷል፤ እኛ ስንቀነስ ክፍሉም አብሮ ባዶ ይሆናል። የዩኒቨርሲቲው መምህራንና የጤና ባለሙያዎች የሚፈልጉት ደግሞ የራሱ መጸዳጃ ቤት ያለውን ክፍል ነው።

የመንዝ ልጅ

እኅቴ የተናገረችውን አልክድም። ነገር ግን አከራዩ ሁልጊዜ ክፉ ተደርጎ መታየቱ ያሳዝነኛል። አባቴ ከ1967 በፊት ሁለት የኪራይ ቤቶች ነበሯቸው። በሐምሌ 1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ፣ በላብ የሠሯቸው ሁለቱም ቤቶች፣ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች ስለነበር፣ ወደ ቀበሌ ተላለፉ። በእኛ ቤተሰብ ውስጥ «ትርፍ ቤት» የሚለው ቃል እስከ ዛሬ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነው የሚነገረው። አሁን የቦታ ኪራይ አለ፤ የቤት ኪራይ ገቢ ግብር አለ፤ በጥር 2017 የንብረት ታክስ አዋጅ ጸደቀ፤ በ2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ወጥቶ ውሉ ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲሆን፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ የኪራይ ጭማሪውም በዓመት አንድ ጊዜ በሚወሰን ጣሪያ እንዲታሰር ደነገገ። እያንዳንዱ ለብቻው ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ አንድ ላይ ሲደመሩ ግን ለጡረተኛ ቀላል ሸክም አይደሉም።

በእኔ ላይ የደረሰውንም በደል ልናገር። በዞናችን አንዲት ከተማ ውስጥ ሦስት ክፍል አከራያለሁ። እውነተኛውን ውል ይዤ ወደ ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ሄድሁ። ገማቾቹ «በዚህ ሰፈር በዚህ ዋጋ አይከራይም» ብለው ከውሉ ከፍ ያለ ግምት ጻፉብኝ። ጎረቤቴ ግን ዝቅተኛ ውል አቅርቦ እርሱም በዚያው ግምት ተዳኘ። እኔና እርሱ እኩል ከፈልን ማለት ነው። እውነት ከተናገረና ካልተናገረ ሰው እኩል የሚወሰድ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ዓመት እውነቱን የሚያቀርበው ማን ነው?

ሠንጠረዥ ለ

ወንድሜ፣ ያቀረቡት የመጨረሻ ጥያቄ ለዚህ ጉዳይ ዋናው ይመስለኛል፤ እኔም በሥራ ላይ ሳለሁ በስብሰባ ያነሣሁት ነበር። ግምት የሚያስፈልገው የታመነ መረጃ በሌለበት ቦታ ነው። በባንክ የተከፈለና በጽሑፍ የተመዘገበ ኪራይ ባለበት ቦታ ግን ውሉን ትቶ በሰፈር ዋጋ መገመት ታማኙን ሰው መቅጣት ነው። የ1320 አዋጅ ኪራይ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ማዘዙን አንዳንዶች እንደ ስለላ ያዩታል፤ እኔ ግን አዋጁ ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ሥራ ላይ ሲውል ለታማኝ አከራይ የመጀመሪያው ጋሻ ይሆናል ብዬ አምናለሁ። ጽሕፈት ቤቶች ያንን የባንክ ማስረጃ ተቀብለው ግምቱን ካላነሡ ግን ጋሻው ወረቀት ብቻ ነው የሚሆነው።

ሁለት ዓመት የሚጸና ውልን በተመለከተ ከእርስዎ ጋር አልስማማም። ተከራይ ሲቀያየር የሚባክነውን የባዶ ወር ኪራይ እኅታችን የሒሳብ ሠራተኛዋ ከላይ አስልታዋለች፤ የደላላ ክፍያም አለ። የረጋ ተከራይ ለአከራዩም ገንዘብ ነው።

የግብር ደረጃዎቹ ጉዳይ ግን በእርግጥ የሚቆረቁር ነው። 7,200 ብር በወር ሲካፈል 600 ብር ነው። ይህ ወለል በ2008 ከተቀመጠ ወዲህ ዋጋ ብዙ እጥፍ ሲጨምር አልተነካም። የኪራዩ ቁጥር ያደገው ገንዘቡ ስለረከሰ ነው፤ አከራዩ ሳይበለጽግ ወደ ላይኛው መቶኛ እየተገፋ ነው።

ግምት ለተጻፈበትም መንገድ አለ። በፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 የግብር ውሳኔ የደረሰው ሰው በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታውን በጽሑፍ ማቅረብ ይችላል፤ በቅሬታው ላይ የተሰጠውን ውሳኔ ካልተቀበለ ደግሞ ከተከራከረበት ግብር ግማሹን አስይዞ በ30 ቀን ውስጥ ወደ ይግባኝ ኮሚሽን መሄድ ይችላል። የክልሉን ቀነ ገደብ ከውሳኔው ወረቀት ላይ ያረጋግጡ፤ ወረቀት ካልተሰጥዎ ጠይቀው ይያዙ። ዝም ብሎ አለመክፈል ግን መፍትሔ አይደለም፤ የዘገየ ግብር በዚያው አዋጅ መጀመሪያ 5 በመቶ፣ ከዚያም በየወሩ 2 በመቶ ቅጣት፣ በላዩም ወለድ ይጨመርበታል።

የሒሳብ ሠራተኛዋ

ስለ ንብረት ታክሱ አንድ ቃል ብቻ። እርሱ የሚከፈለው በንብረቱ ዋጋ ላይ እንጂ በኪራዩ ላይ ስላልሆነ ክፍሉ ባዶ ቢሆንም ይከፈላል። ስለዚህ ስሌት የሚሠራ ሰው በወጪ ዝርዝሩ ውስጥ ከገቢ ግብሩ ለይቶ አንድ መስመር ይተውለት።

የጠባሴው መምህር — መስከረም 2018 ዓ.ም.

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ክረምቱን ሙሉ ስታገሥ የቆየሁት ውሳኔዬን ሳላደርስ ላለመጻፍ ነው። በመካከሉ በ2017 መጨረሻ የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ወጥቷል፤ ከደመወዝ ላይ በወር 600 ብር የነበረው ነጻ ወለል ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል፤ የኪራይ ሠንጠረዡም ተሻሽሏል። ስለዚህ ከላይ ያሉት ስሌቶች በ2008ቱ ሠንጠረዥ የተሠሩ መሆናቸውን አዲስ የሚያነብ ሰው ልብ ይበል። እኔም የክልላችን ጽሕፈት ቤት የሚሠራበትን ሠንጠረዥ ጠይቄ ከካርታዬ ጋር በአንድ ክላሴር ውስጥ አስቀምጫለሁ።

አራት ክፍሎች ለመሥራት የነበረውን አሳብ ትተነዋል። ተከራይ እኅታችን እንዳለችው፣ የየራሳቸው መጸዳጃ ቤት ያላቸው ሁለት ክፍሎች ለመሥራት ከባለቤቴ ጋር ተስማምተናል፤ የቀረው ገንዘብ በባንክ ይቀመጣል፤ ብድር አንገባም። ኪራዩ የሚገባበት ሒሳብ ለብቻው ተከፍቷል፤ ሌላ ገንዘብ አይገባበትም። የአጣዬው ወንድሜ የጻፉትን አንብቤ ከመድን ሰዎች ጋር ስነጋገር መጀመሪያ የጠየቅሁት ያልተሸፈኑትን ነው፤ ለሁከት ተጨማሪ ሽፋን የሚጠየቀውም ዓረቦን ከጠበቅሁት በታች ነበር።

የመንዝ ልጅ ያነሣው ጥያቄ ግን አሁንም ከእኔ ጋር አለ። ውሌ የሚጻፈው አንድ ብቻ ነው፤ በሚቀጥለው ሐምሌ ግምቱ ከውሉ በላይ ቢመጣ በ21 ቀን ውስጥ የባንክ ማስረጃዬን ይዤ እሄዳለሁ፣ የሆነውንም እዚሁ እጽፋለሁ። እስከዚያው ግን ተከራይ እኅታችንን አንድ ነገር ልጠይቅ። በውሉ ረቂቅ ላይ ውኃና መብራት በጋራ ቆጣሪ ሳይሆን ለየክፍሉ በሚገባ ቆጣሪ እንዲሆን ጽፌያለሁ፤ የቆጣሪ ማስገቢያውን ወጪ እኔ ብሸከምና ፍጆታውን ተከራይ ቢከፍል፣ በእናንተ በኩል ፍትሐዊ ይመስላችኋል?

ተከራይ ነኝ

ጋሼ፣ ፍትሐዊ ነው። ጠብ የሚነሣብን ብዙ ጊዜ ከኪራዩ ይልቅ በጋራ ቆጣሪው ነው። ነገር ግን ቆጣሪው የሚነበብበትን ቀንና ማን አብሮ ቆሞ እንደሚያነብ በውሉ ላይ ይጻፉልን።

የጠባሴው መምህር

በየወሩ በ30ኛው ቀን፣ አከራይና ተከራይ ባሉበት። አሁን ጻፍሁት።